«ይቀራል» የሚል ወረቀት

«ምን ቀረ?» አለ አባቷ ከውስጠኛው ክፍል።

ልጅቷ ሳሎኑ መሃል ቆማለች፤ በአንድ እጇ ደብተር፣ በሌላው የመለኪያ ሜትር ይዛለች። ጥያቄውን ስትጠብቅ የቆየች ይመስል ወዲያው ማንበብ ጀመረች። «ትልቁ የብረት አልጋ፣ የእታለም ቁም ሳጥን፣ የሳሎኑ መጋረጃ፣ ያ እግሩ የተሰበረው ጠረጴዛ…»

ከውስጥ ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። «ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠሩ ነው የዋላችሁት? ከጠዋት ጀምሮ ገመድ ስትጎትቱ እሰማለሁ። መጋረጃ እንኳ አልታሰረም?»

«መጋረጃው አይታሰርም። ይቀራል አልኩህ እኮ።»

«እኔስ ምን ቀረ ብዬ አይደል የጠየቅኩሽ?»

«እኔ የምልህ እዚህ የሚቀረውን ነው።»

«እኔ የምልሽ ደግሞ ገና ያልታሰረውን።»

እታለም ካርቶን ላይ ተቀምጣ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር። የልጅቷ አባት ታላቅ እህት ናት። የልጅቷ እናት በሞተች ጊዜ «ለአንድ ወር ላግዛችሁ» ብላ መጥታ አስራ ስምንት ዓመት ተቀመጠች፤ ልጅቷም እንደ አባቷ እታለም ብላ ጠርታት አደገች። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት ሳቋን አቆመች።

«የኔ ቁም ሳጥን ግን በየትኛው ነው የቀረው?»

ልጅቷ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። «የዚያኛው ቤት ደረጃ ጠባብ ነው፣ እታለም። አያሳልፈውም።»

«እኔን ያሳልፈኛል አይደል? ቁም ሳጥኔ ከኔ አይወፍርም።»

«ለክቼዋለሁ።»

«እኔንም ለክተሽኛል ማለት ነው» አለች እታለም፣ ሳህኑን ካርቶኑ ውስጥ እያስገባች። «በሉ ስሙኝ፣ ሁለታችሁም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ይቀራል የሚባል ቃል የለም። የሚሄደው ይሄዳል፣ የሚሸጠው ይሸጣል፣ የማይሄደው አይሄድም። አለቀ።»

ከውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ መጣ፤ መዶሻውም ቀጠለ። እሺታው ለእታለም ይሁን ለሚመታው ካርቶን ግን አልተለየም። ልጅቷ ነጭ ወረቀት በመቀስ እየቆረጠች ሦስቱን ቃላት ጻፈችና በየዕቃው ላይ መለጠፍ ጀመረች።

መሄዱ የመጣው በእሷ ነው። ስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ከተማ፣ የመጠጥ ውሃ የሚመረምር ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ አገኘች። የቅጥር ደብዳቤው መጨረሻ ላይ «የጓዝ ማጓጓዣ» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ያ መስመር የግማሽ መኪና ዋጋ ይችላል፤ ግማሽ መኪና ማለት ስምንት ሜትር ኩብ ነው። ሌላውን ግማሽ ወንበር የሚልክ ነጋዴ ይዞታል። ከስምንቱ በላይ ያለው ከራሷ ኪስ ነው፤ ኪሷ ደግሞ ለአዲሱ ቤት የቅድሚያ ኪራይ ተራግፏል። ስለዚህ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ቁመቱን፣ ወርዱንና ጎኑን ለካች። ለክታ ስትጨርስ እንደገና ለካች። እታለም «ወይዘሪት ሜትር» ብላ መጥራት የጀመረቻት ያኔ ነው።

ከሁሉም ያስቸገረቻት የአባቷ መጭመቂያ ናት።

አባቷ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። ጀርባው የተገነጠለ መዝገበ ቃላት፣ ገጹ የረገፈ የመዝሙር ደብተር፣ የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ምኑም ይምጣ ይሰፋዋል፣ ሙጫ ይቀባዋል፣ ካርቶንና ጨርቅ ያለብሰዋል። በመጨረሻ በሁለት ሳንቃ መሃል አድርጎ ከብረት መጭመቂያዋ ውስጥ ያስገባውና ከላይ ያለውን መዘውር ያጠብቃል። መጭመቂያዋ ከሰው ወገብ አትበልጥም። ወደዚህ ቤት ስትገባ ግን ስድስት ሰው እንደተሸከማት፣ ከስድስቱ አንዱም ሁለት ሳምንት ጎንበስ ብሎ እንደሄደ ይወራል። እታለም ስም አውጥታላታለች፤ «እንጀራ እናትሽ» ትላታለች ለልጅቷ። «ሂጂ የእንጀራ እናትሽን አቧራ አራግፊላት።» ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ሦስቱንም ያበላቻቸው እሷው ስለሆነች ቀልድነቱ ግማሽ ነው።

የጭነት መኪናው ሾፌር በስልክ አስጠንቅቋል። «ብረት ካለ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ እህቴ። ብረት በቦታው ሳይሆን በክብደቱ ነው የሚታሰበው።» ልጅቷ ስትነግረው «ለሷ ብቻ ሦስት ሜትር ኩብ ያዢ፤ የጫኝና አውራጁም በዚያው ውስጥ ነው» አላት። ያለ መጭመቂያዋ ጓዙ ሁሉ ተደምሮ ስምንት ሊሞላ ጥቂት ነው የሚጎድለው። ከመጭመቂያዋ ጋር አስራ አንድ ሊደርስ ነው። ደብተሯ ላይ ከመጭመቂያዋ ጎን የጥያቄ ምልክት አደረገች። ሌላው ዕቃ ሁሉ በቀለም ተጽፎ ያ ምልክት ብቻ በእርሳስ ነበር።

አባቷ እሄዳለሁም አልሄድምም አላለም። ስትጠይቀው «እናያለን» ነው የሚላት። እሷ ግን ከዕቃው ዝርዝር በታች «ጋቢና፦ አባዬና እታለም። አውቶቡስ፦ እኔ» ብላ ጽፋለች። ጽፋ ስታየው እርግጥ ይመስላታል። ደብተሩን ስትከድነው ደግሞ እርግጥነቱ አብሮ ይከደናል። መንገዱ ጥግ ላይ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ የሱቁን የጓሮ ክፍል ለአባቷ ሊያከራየው እንዳሰበ የሰማችው ከእታለም ነው። አባቷ አልነገራትም። እሷም እንደሰማች አልነገረችውም።

መቀመጥ አቃታት። ካርቶን ታስርና ትፈታለች፤ የረሳችው ነገር ያለ ይመስላታል፣ ፈትታ ስታየው የለም። ማሸጊያ ፕላስተር እያለ ፕላስተር ልትገዛ ትወጣለች። ዝርዝሩን ቀድዳ እንደገና ትገለብጣለች፤ ሲገለበጥም ያው ነው።

ሰኞ ከሰዓት አባቷ ክር ሊገዛ ወጣ። ውስጠኛውን ክፍል ልትጠርግ ገብታ መጭመቂያዋ አጠገብ ስትደርስ መዘውሩ ላይ በክር የታሰረ ትንሽ ወረቀት አየች። የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። «ይቀራል» ይላል።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ደግማ አነበበችው። እግሯ ቀለላት። ስንት ቀን በእርሳስ የቆየው ነገር እንዲህ ሳይነጋገሩበት ተፈታ። የእታለምን ደንብ ረስቶ በራሱ ቃል መጻፉ ያው ልማዱ ነው፤ እሱ የእህቱን ደንብ «እሺ» ብሎ ይሰማል እንጂ ይዞት አያውቅም።

አመሻሽ ላይ ክሩን በኪሱ ይዞ ሲመለስ የቱን መቅረት ነው ልትለው አፏን ከፈተች።

«ራት ላቅርብልህ?» አለችው።

ብትጠይቀው ሌላ መልስ ሊኖር ይችላል። ሌላው መልስ ሦስት ሜትር ኩብ ነው። ጓዳ ገብታ የጥያቄ ምልክቱን በላጲስ አጠፋችና «አይሄድም» ብላ በቀለም ጻፈች። አሮጌ ብረት የሚገዛውን ሰውዬ ስልክ ፈልጋ ካገኘች ሰንብታለች፤ ደወለችለት። «ነገ ከምሳ በፊት እመጣለሁ» አላት።

ማክሰኞ ጠዋት አባቷ ለደንበኛ መጽሐፍ ሊያደርስ ወጣ። መኪናው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ብረት ገዥው ሳይደርስ በመጭመቂያዋ ውስጥ ያለውን ነገር ላውጣ ብላ መዘውሩን ያዘች። አሻፈረኝ አላት፤ ኋላ ግን እያቃሰተ ዞረ። በሁለቱ ሳንቃ መሃል ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነበር። ስትስበው የጀርባው ጨርቅ ሸሸት አለ። ሙጫው እርጥብ ነው። አውራ ጣቷ የነካው ቦታ ላይ የጣቷ ቅርጽ ቀረ።

ከሳንቃው ስር የሥራ ወረቀት ወደቀ። አባቷ ሥራ ሲቀበል የሚጽፈው ነው። «የጂኦግራፊ አስተማሪው። ጀርባና ማዕዘን። የሚወስደው፦ በሃያ ስምንት።»

ዕለቱ አስራ አራት ነው። ነገ አስራ አምስት ነው።

ወደ መደርደሪያው ሄደች። ሦስት መጽሐፍ ተደርድሯል፤ በሦስቱም ውስጥ ወረቀት አለ። በሃያ ሁለት። በሃያ ስድስት። በሃያ ዘጠኝ። የቤቱ ኪራይ የተከፈለው እስከ ሠላሳ ነው። ከሠላሳ በኋላ የጓሮ ክፍል አለ።

ተመልሳ መዘውሩ ላይ የታሰረውን ወረቀት በጣቶቿ መሃል ያዘችው። ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ክሩ የገባበት ቀዳዳ ሰፍቶ አንዴ በፕላስተር ተጠግኗል። ትናንት የተጻፈ አይደለም። ሁለተኛ ክፍል ሳለች ይህንኑ መዘውር ልታዞር ስትል አባቷ እጇን ይዞ «ይቀራል ይላል እኮ። ማንበብ ተምረሽ የለ?» ብሏት ነበር። ውስጥ ያለው መጽሐፍ ገና አልደረቀም፣ አትንኩ ማለት ነው። ሥራ በገባ ቁጥር ይታሰራል፣ በወጣ ቁጥር ይፈታል። ያን ሁሉ ዓመት ስታየው ኖራለች። ትናንት ግን ወረቀቱ አዲስ ሆኖ ቢገኝ ደስ ይላት ነበርና አዲስ አድርጋ አየችው።

በሩ ተንኳኳ። እታለም ስትከፍት ብረት ገዥው ሁለት ሰውና አንድ ሚዛን አስከትሎ ገባ፤ አባቷም ከኋላቸው ገባ። በሩ ላይ ነው የተገናኙት።

«ብረቱ የታል?» አለ ብረት ገዥው። «መንገድ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ቶሎ በሉ።»

«የቱ ብረት?» አለ አባቷ።

«የመጽሐፍ መጭመቂያ ነው ያለችኝ ልጅቷ።»

አባቷ ወደ ውስጠኛው ክፍል አየ። ልጅቷ ሰማያዊውን መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«ይቀራል ይላል ብዬ ነው» አለች። ድምጿ ለራሷም በቅጡ አልተሰማትም።

አልተቆጣም። መጀመሪያ መጽሐፉን ተቀበላት። ጀርባውን በመዳፉ ዳበሰና ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው፤ የጣቷን ምልክት በጨርቅ ሞከረው፣ አልጠፋም። ሳንቃዎቹን አስተካክሎ አስገባው፤ መዘውሩን አጠበቀ፤ የወረቀቱንም ክር አስተካከለ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሰውዬው የዞረው።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ። አልደረቀም።»

«ብረት ይደርቃል እንዴ?»

«እዚህ ቤት የማይደርቅ የለም» አለች እታለም። «ና እስቲ ወዲህ፣ አልጋ ላሳይህ። ብረቱን ሳይሆን የተኛበትን ሰው ክብር አይተህ ዋጋ ንገረኝ።»

«እትዬ፣ እኔ የምመዝነው በኪሎ ነው።»

«እኔም የተኛሁበት በኪሎ ነው» አለችው። ሳሎን ውስጥ ክርክሩ ቀጠለ፤ በኋላም ትልቁ አልጋ በአራት እግሩ ወጣ።

አባትና ልጅ ውስጠኛው ክፍል ቀሩ። ልጅቷ የሥራ ወረቀቱን አሳየችው።

«በሃያ ስምንት ይላል።»

«ይላል።»

«ለምን ተቀበልከው?»

«ሰው መጽሐፉን አቅፎ በር ላይ ሲቆም ልሄድ ነው ማለት ከበደኝ። አፌ ላይ አልመጣልኝም።»

«የጓሮው ክፍልስ?»

መልሱን ከመስጠቱ በፊት ጣቱ ላይ የደረቀውን ሙጫ ላጠ። «አይቼዋለሁ።»

«እሺ አልከው?»

«እናያለን ነው ያልኩት።»

«እሱ ሲወለድም እናያለን ብሎ ነው የወጣው» አለች እታለም ከበሩ፣ የአልጋውን ገንዘብ መቀነቷ ላይ እየቋጠረች። «እናታችን ሦስት ቀን አማጠች።»

ልጅቷ አልሳቀችም። «ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ደብተርሽን ትተሽው ስትወጪ አየሁት። ጋቢና ውስጥ አስቀምጠሽኛል፣ እግዜር ይስጥሽ። እሷን ስፈልግ ግን የጥያቄ ምልክት ነው ያገኘሁት» አለና መዘውሩን መታ መታ አደረገ። «እሷ ከሌለች እዚያ ምን ልሁን? ጠዋት ተነስቼ አንቺ ሥራ ስትሄጂ በመስኮት ላይሽ? ማታም ስትመለሺ በመስኮት ላይሽ?»

ልጅቷ ይቅርታ ማለት ፈለገች፤ ቃሉ ግን ለእሷም አፏ ላይ አልመጣላትም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ደብተሩን ጭኗ ላይ ከፈተች። እርሳሷን አውጥታ ሦስት መስመር ሰረዘች። የተማረችበት ጠረጴዛ። አልጋዋ። ማቀዝቀዣው። ደመረችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደመረችው። ሦስት ሜትር ኩብ ወጣ።

እታለም በትከሻዋ ላይ አጮልቃ አነበበች። «አንቺ የት ልትተኚ ነው?»

«ፍራሽ አለ።»

«ወተቱስ?»

«ሳይበላሽ እንጠጣዋለን።»

«እንግዲህ የኔ ቁም ሳጥን እዚህ ወድቆ እንጀራ እናትሽ ልትሄድ ነው።»

«ትሂድ።»

እታለም መጭመቂያዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ፎቅ ስትወጣ ማየት ነው የቀረኝ» ብላ ወደ ሳህኖቿ ሄደች።

ልጅቷ ከቆረጠቻቸው ወረቀቶች «ይሄዳል» የሚለውን አንስታ መዘውሩ ላይ፣ ከአሮጌው ወረቀት ጎን አሰረችው። አባቷ ቋጠሮውን አየውና ላልቶ ስላገኘው አጠበቀው።

«መዝገበ ቃላቱ እስከ ነገ ጠዋት ይደርቃል። ከዚያ ይጫኗት» አለ።

«መደርደሪያው ላይ ያሉትስ?»

«በጡብ እጫናቸዋለሁ። እሷን ሳልገዛ በጡብ ነበር የምሠራው።»

«አንተስ?»

«እኔ እቀራለሁ።»

ልጅቷ እርሳሱን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች። «የቱን መቅረት ነው?»

አባቷ አየት አደረጋት። «እስክደርቅ ነዋ።»

«ደርቀህ የለ እንዴ ድሮ!» አለች እታለም ከሳሎን። አባቷ ሳቀ፤ ሳይወድ ልጅቷም ሳቀች። መልሱ እዚያ ሳቅ ውስጥ ገባና ቀረ። ደግማ ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ወደ ክፍሉ ሄደች፤ ሁለቱንም ጊዜ መርፌ በጥርሱ ይዞ ሲሰፋ አገኘችው።

ከሰዓት አውቶቡስ ጣቢያ ሄደች። በጋቢናው ውስጥ በአባቷ ቦታ እሷ ልትቀመጥ ነው፤ ትኬቷ ትርፍ ሆነ። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት «ለመቼ ላዙርልሽ?» አለቻት።

«ቀኑ ክፍት ይሁን፤ ስሙም ይቀየር።»

«የማን ስም ላይ?»

የአባቷን ስም ሰጠቻት።

«ለአንድ ወር ብቻ ነው የሚሠራው። ካለፈ ገንዘቡ አይመለስም።»

«እሺ።»

ቤት ገብታ ትኬቱን በሃያ ዘጠኝ የሚወሰደው መጽሐፍ ውስጥ፣ ከሥራው ወረቀት ጋር ሰካችው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ከላይ እንዲታይ አድርጋ ትኬቱን ከስሩ አደረገችው። ትንሽ ቆይታ ተመለሰችና ትኬቱን ከላይ አደረገችው።

ረቡዕ ጠዋት መኪናው መጣ። አባቷ መዝገበ ቃላቱን አወጣ። ጀርባው ቀጥ ብሎ ደርቋል፤ የአውራ ጣቷ አሻራ ከነመስመሩ ጥግ ላይ ይታያል። አራት ሰዎች መጭመቂያዋን በገመድ አስረው ሲያነሷት ሾፌሩ በመንገዱ ወዲያ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ሦስት ያልኩሽ ሳላያት ነው።»

«ሦስት ብለኸኛል» አለች ልጅቷ። ይህን ያህል ጠንክራ ስትናገር ራሷም ገረማት። ሾፌሩ ወደ እታለም ዞረ፤ ከእሷም የሚሻል ነገር ስላላገኘ ሸራውን ሊያስር ሄደ።

አባቷ ሙጫ የነካው ብሩሽ በእጁ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «በጎኗ እንዳታስተኟት» አላቸው ጫኞቹን። ልጅቷን ጉንጯን ሳማት፤ እታለምን «ደህና ሁኚ፣ በመንገድ ሰው አታስቸግሪ» አላት። መቼ እንደሚመጣ አላለም። ልጅቷም አልጠየቀችም። መኪናው ሲነሳ በመስታወቱ ውስጥ ፈለገችው፤ ሙጫው እንዳይደርቅበት ነው መሰል ገብቷል።

መንገዱ ሁለት ቀን ፈጀ። እታለም መስኮቱን ተደግፋ ተኛች። ልጅቷ መሃል ላይ ተቀምጣ ሜትሩን ከኪሷ አውጥታ ትስበዋለች፣ ትለቀዋለች፤ እየተንሸራተተ ይገባል፣ እንደገና ትስበዋለች። የሚለካ ነገር አልነበረም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

መጭመቂያዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መንገዱን ከሚያሳየው መስኮት ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከመስኮቱ እንድትርቅ ያደረገችው ልጅቷ ናት። ሥራ ጀመረች፤ ወተቱንም በየቀኑ ሳይበላሽ ጠጡት። አባቷ በስልክ ስትደውልለት ስለ አየሩና ስለ ክር ዋጋ ያወራት ነበር።

ከተለያዩ በአስራ ሰባተኛው ቀን፣ ገና ሳይመሽ፣ እሷ ሥራ ላይ ሳለች፣ በአውቶቡስ መጣ። ስትመለስ ጫማው በሩ ስር ነበር። ካመጣው ሻንጣ ውስጥ ባለቤቶቻቸው በፖስታ እንዲልክላቸው የተስማሙባቸው ሁለት ያላለቁ መጻሕፍት ወጥተዋል። በሁለት ሳንቃ መሃል አድርጎ መጭመቂያዋ ውስጥ አስገባቸው፤ መዘውሩን አጠበቀ፤ አሮጌውን ወረቀት አሰረበት።